የጓያ ሽባነትና ነርቭን የሚያመነምኑ ሌሎች በሽታዎች፦ እንዴት ይለያሉ? ምንስ ይደረጋል?

ደባርቅ፦ ጓያ ሌላው ሰብል ሲከዳ የሚቆም ሰብል ነው። ዝናቡ ቀድሞ ቢቋረጥ፣ ወይም ውኃ በማሳው ላይ ቢተኛ፣ ባቄላና ሽንብራ በሚጠፉበት መሬት ላይ ጓያ ፍሬ ይሰጣል። ደጋግሞ ማረስን አይጠይቅም፤ ማዳበሪያ አይሻም፤ በገበያም ከሌላው ጥራጥሬ በርካሽ ይገኛል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ይሁን እንጂ ይህንኑ ሰብል ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ቤተሰብ፣ ትናንት ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ የሄደ ወጣት ልጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምርኩዝ ሲይዝ ሊያይ ይችላል።

በሕክምና አጠራሩ «ኒውሮላቲሪዝም» የሚባለው ይህ የጓያ ሽባነት የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን የነርቭ ሕዋሳት ከሚያመነምኑ በሽታዎች አንዱ ነው። የዚህ ወገን በሽታዎች ብዙዎቹ፣ የሚያንቀጠቅጠው ፓርኪንሰንና አረጋውያንን የሚያስረሳው አልዛይመር ጭምር፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጡና ይህን ባደረግሁ ኖሮ አይዘኝም ነበር የማይባሉ ናቸው። የጓያው ግን ከእነዚህ ይለያል። መነሻው ይታወቃል፤ ያለውም በማሳና በድስት ውስጥ ነው። ከያዘ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ ከመያዙ በፊት ግን ፈጽሞ ማስቀረት ይቻላል። በአካባቢያችን ስለ ነርቭ በሽታዎች ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጓያ መናገር የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ደባርቅና ዳባት ደጋ ናቸው። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላውና ድንቹ ነው የሚታወቁበት። ጓያ ይበልጥ የሚስማማው ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ በጣና ዳርቻ ያለው የደንቢያና ከዚያም ወዲያ ያለው የፎገራ ዋልካ መሬት ነው። በዚያ አገር ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመስከረም ገደማ ይዘራል፤ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ አድጎ በጥርና በየካቲት ይሰበሰባል። ነገር ግን እህል በመኪና ይጓዛል። ክክ ሆኖ ወይም ተፈጭቶ ሽሮ ሆኖ ወደ ደጋው ገበያ ሲወጣ ከየት እንደመጣና ከምን እንደተቀላቀለ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራና በበየዳ እንደታየው ያለ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የደኸየ ቤተሰብ ዓይኑን በመጀመሪያ የሚጥለው ርካሽ በሆነው ጥራጥሬ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ጓያ የሚዘራውን ገበሬ ብቻ የሚመለከት አይደለም።

ሕመሙ እንዴት ይጀምራል?

ሰው እንዲራመድ ትእዛዙ የሚነሣው ከአንጎል ነው። ትእዛዙን የሚያደርሱት የነርቭ ሕዋሳት ከአንጎል ተነሥተው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እግርን የሚያዝዙት ከሁሉም የረዘሙ ናቸው። በጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ይገኛል። ይህ ንጥረ ነገር አንድ የነርቭ ሕዋስ ሌላውን ከሚቀሰቅስበት ግሉታሜት ከተባለው የሰውነት ንጥረ ነገር ጋር ይመሳሰላል። በመመሳሰሉም ሕዋሱን ከልክ በላይ ይቀሰቅሰዋል፤ ዕረፍት ያጣ ሕዋስ በመጨረሻ ይሞታል። የሞተ የነርቭ ሕዋስ ደግሞ እንደ ቆዳ ቁስል በአዲስ አይተካም።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በባት መሸማቀቅና በእግር መክበድ ነው። አንዳንዱ ማታ ደኅና ተኝቶ ጠዋት ሲነሣ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ሌላው ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ወይም ሸክም ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ከዋለ በኋላ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከባድ ሥራ፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሕመሙን ቀስቅሶ ሊያወጣው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያጣድፈው ሕመምተኛ አለ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። እግሩ ግን ይደርቃል፤ ጉልበት ይታጠፋል፤ ተረከዝ ከመሬት ይነሣል፤ ሰውየው በእግር ጣቶቹ ላይ ቆሞ እግሮቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ ይራመዳል።

ሐኪሞች የጉዳቱን መጠን የሚለኩት በምርኩዝ ነው። ቀላል ጉዳት ያለበት እያነከሰም ቢሆን ያለ ምርኩዝ ይሄዳል። ከእርሱ የባሰበት አንድ ዘንግ ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ያለ ሁለት ምርኩዝ መቆም አይችልም፤ እጅግ የተጎዳው ደግሞ በእጁና በመቀመጫው እየተጎተተ ይሄዳል። አእምሮው፣ ዓይኑና ንግግሩ አይነኩም፤ እጆቹም በአብዛኛው ደኅና ናቸው። በእግሩ ላይ የነኩትን ያውቃል፤ እሳትና እሾህ ይሰማዋል። የጓያ ሽባነት ዕድሜን አያሳጥርም፤ በሌላ አነጋገር አንድ የ18 ዓመት ወጣት ከያዘው 50 ዓመት በዚያው እግር ሊኖር ይችላል። በብዛት የሚጠቁት ወጣቶች ናቸው፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይበዛሉ። ከአንድ ድስት ስለሚበላም በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው የሚታመምበት ጊዜ አለ።

በአንድ ነገር ከፓርኪንሰንና ከአልዛይመር ይሻላል። እነዚያ ከዓመት ዓመት እየባሱ ይሄዳሉ። የጓያው ግን ሰውየው ጓያ መብላቱን ካቆመ ብዙውን ጊዜ በደረሰበት ይቆማል። እንግዲያውስ የባት መሸማቀቅና የእግር መክበድ በጀመረበት ሳምንት ጓያውን ማቆም፣ ያለ ምርኩዝ በመሄድና በሁለት ምርኩዝ በመሄድ መካከል ያለውን ልዩነት ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው።

አሮጌ በሽታ ነው

ጓያ ሰውን ሽባ ማድረጉ በዓለም ላይ የታወቀው ዛሬ አይደለም። በዛሬዋ ጀርመን ያለችው የቩርተምበርግ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1671 የጓያ ዱቄት በዳቦ ውስጥ እንዳይገባ በአዋጅ ከልክሎ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ዛሬ የዩክሬን ግዛት በሆነችው በቫፕኒያርካ በነበረው የእስረኞች ካምፕ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ እስረኞች ለከብት የተዘጋጀ ጓያ ይቀርብላቸው ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩት እግራቸውን አጡ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር የበሽታውን ምንጭ ለይቶ ተናገረ፤ እስረኞቹም ያንን ምግብ አንበላም ብለው አደሙ። ስለዚህ በሽታ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር ኬስለር በሕይወት የተረፉትን ለዓመታት በመከታተሉ የተገኘ ነው።

በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በደንቢያና በፎገራ በርካታ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሽባ ሆኑ፤ ጉዳዩ በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። ከዚያም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለ ኃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በእነዚሁ ሁለት አካባቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ቆጠሩ። በ1990 የወጣው ውጤት ከ1,000 ሰው በአማካይ 6ቱ የጓያ ሽባነት እንዳለባቸው የሚያሳይ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። 5,000 ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ግን 30 ሰው ማለት ነው፤ በብዛትም በእርሻ ጉልበቱ ላይ ያለ ሰው።

እጅግ ከባዱ ወረርሽኝ የደረሰው በሰሜን ወሎ በደላንታ ዳውንት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ሌላው ሰብል በጠፋበት ደጋ የተረፈው ጓያ ሆነና ከ2,000 በላይ ሰዎች ሽባ ሆኑ። ይህን ያጠኑት ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሥራቸውም «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ደላንታ እንደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ሁሉ ደጋና ገደላማ አገር መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

እንፋሎቱ አይደለም፤ መጠኑና አበሳሰሉ ነው

በገጠር ስለ ጓያ የሚነገር ሥር የሰደደ እምነት አለ። ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ የመታው ሰው እግሩ ይያዛል፤ በጓያ ገለባ ላይ የተኛ ወይም በማሳው ውስጥ ያለፈ ይሰበራል ይባላል። ይህ እውነት አይደለም። ኦዳፕ ወደ ሰውነት የሚገባው በመብላት ነው። እምነቱ ጉዳት ባልነበረው፤ ነገር ግን እንፋሎቱን ሸሽቶ ንፍሮውን የሚበላ ሰው ራሱን የተጠነቀቀ ስለሚመስለው አደገኛ ይሆናል።

ጓያ አልፎ አልፎ በሽሮ ወጥ የሚበላ ሰው ሽባ አይሆንም። አደጋው የሚመጣው ከዕለት ምግቡ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ይህም ለሁለትና ለሦስት ወር ሲዘልቅ ነው። ያን ያህል ጓያ የሚበላው ደግሞ ሌላ የሌለው ሰው ነው። ለዚህ ነው በሽታው ሀብታምን ትቶ ድኻን የሚመርጥ የሚመስለው።

የደላንታው ጥናት ለቤት እመቤቶች የሚጠቅም ነገር አስገኝቷል። ጓያን በእሸቱ ጥሬውን መብላት፣ ቆልቶ መብላትና ቀቅሎ በንፍሮ መብላት ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። በአንጻሩ ጓያውን ከእህል ጋር አቀላቅለው የበሉ፣ እንደ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለ ቅመም ባለበት ወጥ የተመገቡ ሰዎች ስጋታቸው ዝቅ ያለ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ጓያ ሰልፈር ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያንሱታል፤ እነዚህ ደግሞ ነርቭን ከጉዳት ለመጠበቅ ያስፈልጋሉ። እንደ ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ያሉ እህሎች ጉድለቱን ይሞሉለታል።

እንግዲህ በቤቱ ከጓያ በቀር ጥራጥሬ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ጓያውን ሌሊቱን በብዙ ውኃ መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት የመጀመሪያው ነው። ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ በሙቅ ውኃ ቢዘፈዘፍና ውኃው ደጋግሞ ቢቀየር ይበልጥ ይወጣል። ሲቀቀልም የተቀቀለበት ውኃ ይደፋ እንጂ አይጠጣ፤ መረቅም አይሁን። በመዘፍዘፍ የተወሰኑ ቪታሚኖች አብረው ይሄዳሉ፤ ቢሆንም ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ማብዛትን መተው ነው፤ አንድ እጅ ጓያ ከሆነ ሁለት እጅና ከዚያ በላይ እህል ይቀላቀልበት። እንጀራ ሲሆን ሊጡ በደንብ ቢቦካ መርዙ ይቀንሳል። መቁላት ግን መርዙን በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ እረኛ ልጅ ኪሱን የጓያ ቆሎ ሞልቶ በየቀኑ ወደ ዱር እንዳይወጣ ወላጅ ሊጠነቀቅ ይገባል። እሸቱ ደግሞ ለልጆች የሚጣፍጥ መሆኑ ነው ችግሩ።

በማሳው ላይ

በግብርና ኮሌጅ ስለ ጓያ ደጋግሞ የሚነገረው ድርቅ መቋቋሙና አፈርን በናይትሮጅን ማበልጸጉ ነው፤ የጤናው ነገር ለጤና ባለሙያ የተተወ ይመስላል። ሁለቱን ግን መለየት አይቻልም። የኦዳፕ መጠን በዝርያ ብቻ አይወሰንም፤ ተክሉ ውኃ ሲጠማውና ዚንክ ባነሰበት አፈር ላይ ሲበቅል ይጨምራል። ገበሬው ከጓያ በቀር የሚበላው በሚያጣበት በድርቅ ዓመት፣ ያው ጓያ ከሌላው ዓመት ይልቅ መርዛማ ሆኖ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሰብል ከሚነገረው ሁሉ ከባዱ ይህ ይመስለኛል።

ለምን አይከለከልም? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን አግዳ ነበር፤ እርሻው ግን አልቆመም። በእኛም አገር አዋጅ ቢወጣ ውጤቱ ከዚህ የተለየ አይሆንም። ዝናብ ሲቋረጥ የሚቆም ሌላ ሰብል ሳይሰጡት ገበሬውን ያለህን ጣል ማለት አይቻልም። የተሻለው መንገድ መርዙ ያነሰ ዘር ማቅረብ ነው። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር እ.ኤ.አ. በ2006 «ዋሴ» የተባለ ኦዳፑ ዝቅ ያለ የጓያ ዝርያ ለቅቋል። ዝቅ ያለ ነው እንጂ ባዶ አይደለም፤ ስለዚህ የመዘፍዘፉና የማቀላቀሉ ጥንቃቄ ለዋሴም አይቀርም።

ሌላም ችግር አለ። ጓያን ንብ ትጎበኘዋለች፤ ከጎረቤት ማሳ የአበባ ዱቄት አምጥታ ታዳቅለዋለች። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት የገዛውን የተሻሻለ ዘር በየዓመቱ ከራሱ አውድማ እየመለሰ ቢዘራ፣ ጎረቤቱ የአካባቢውን ጓያ የሚዘራ ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘሩ ወደ ቀድሞው ያዘነብላል። ስለዚህ ዘሩ አንድ ሰው ለብቻው ከሚወስደው ይልቅ የአንድ ጎጥ ገበሬዎች ተስማምተው በኩታ ገጠም ቢዘሩት ይጠቅማል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዘሩን ማደስ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፈረስ ያለው ደግሞ ልብ ይበል። ጓያ ለረጅም ጊዜ የተመገበ ፈረስ የኋላ እግሩ ይዝላል፤ የጉሮሮው ነርቭም ተጎድቶ ሲሮጥ ትንፋሹ እያጓራ ይጨነቃል። በዚህ ተራራማ አገር ያለ ጋማ ከብት የማይኖር ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ ይህም ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ሽባ ሁሉ ጓያ የበላ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት አለ። ጓያ በሚበላበት አገር እግሩ የደከመ ሁሉ ጓያ ሰበረው ይባልና መዳን የሚችል ሰው ቤት ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ መጠርጠር ያለበት የአከርካሪ ቲቢ ነው። የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ አልፎ አልፎም በጀርባ ላይ የሚወጣ ጉብታ ካለ፣ እግሩም ከመድከሙ በላይ ከደነዘዘ፣ ሽንትም ከታገደ ወይም ካመለጠ ይህ የጓያ ጠባይ አይደለም። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ለብዙ ወራት በአግባቡ የወሰደ ሰውም ተመልሶ ሊራመድ ይችላል፤ ቶሎ ከመጣ። አንድ ጎኑ፣ ማለትም እጁና እግሩ በአንድ ወገን በድንገት የተያዘበት ሰው ደግሞ የአንጎል ደም ሥር የተዘጋበት ወይም የፈሰሰበት ነው፤ እርሱ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ፓርኪንሰን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመነጩ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ የሚመጣ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ60 ዓመት አካባቢ ይጀምራል። መንቀጥቀጡ በአንድ እጅ ላይ ይጀምራል፤ እጁ ሥራ ፈትቶ ጭን ላይ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፤ ዕቃ ሲያነሣ ይቀንሳል። ስኒ ሲያነሣ ብቻ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ፣ ከዚህ የቀለለ ችግር ያለበት ነው። ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ሕመምተኛውን የሚያስቸግረው ግን ዝግታው ነው። ጋቢ ለመልበስ፣ ጉርሻ ለመጠቅለል፣ ከመቀመጫ ለመነሣት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ድምፁ ይቀንሳል፤ ፊቱ ስሜት አያሳይም፤ እርምጃው ያጥራል። ቤተሰብ ይህን እርጅና ወይም ኩርፊያ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ፕሮፌሰር ሬዳና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በቡታጅራ 60,820 ሰዎችን ቤት ለቤት ሲመረምሩ ፓርኪንሰን ያለበት ከ100,000 ሰው 7 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። አረጋውያን በበዙባቸው አገሮች ቁጥሩ ከ100 ይበልጣል። የእኛ ሕዝብ ወጣት በመሆኑ በሽታው ጥቂት ይመስላል፤ ዕድሜያችን ሲረዝም ግን ይጨምራል። ፓራኳትን በመሳሰሉ የአረምና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎች ለረጅም ጊዜ በተጋለጡ ሰዎች ላይ ስጋቱ ከፍ ብሎ መታየቱ ደግሞ ገበሬውን በቀጥታ ይመለከታል። ኬሚካል ሲረጭ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ማድረግ፣ ነፋስን ወደ ኋላ አድርጎ መርጨት፣ ባዶ ዕቃውን ለውኃ አለመጠቀም ከዚህ የተነሣም ይጠቅማል።

ለፓርኪንሰን ፈውስ ባይኖርም መድኃኒት አለ። ሌቮዶፓ የተባለው ክኒን ዝግታውንና ድርቀቱን ለዓመታት ያቀልላል። ሥጋና ጥራጥሬ የበዛበት ምግብ ሥራውን ስለሚያደናቅፈው ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ሐኪም ሳያዝዝ በድንገት ማቆም አደጋ አለው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሐሎፔሪዶል፣ ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ፓርኪንሰን የሚመስል ሁኔታ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ሕመምተኛ ሲመረመር የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ ይሂድ። በአዲስ አበባ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ይገኛል።

የመርሳት ሕመም ደግሞ በእኛ ዘንድ «ጃጀ» በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ከእነዚህም ከ60 እስከ 70 በመቶው አልዛይመር ነው። ስም መርሳት የማንም ነው። አንድ አባት 40 ዓመት ከተመላለሱበት ገበያ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት መንገድ ሲጠፋቸው፣ አንዲት እናት ወጥ የሚሠራበትን ቅደም ተከተል ሲስቱ፣ የሞተ ሰው መጣ አልመጣ እያሉ ሲጠይቁ ግን ሕመም ነው። መቆጣትና መከራከር አይጠቅምም። ምርመራው የሚያስፈልገው በሌላ ምክንያት ነው፤ የእንቅርት ዕጢ ድካም፣ የቪታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ኀዘንና ድብርት፣ የጆሮ መድከም የመርሳት ሕመም ይመስላሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። የደም ግፊትን መቆጣጠርም አንጎልን ከተጨማሪ ጉዳት ይጠብቃል።

እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ፣ ነገር ግን ከሁሉ የከፋ ሌላም አለ፤ የእንቅስቃሴ ነርቮችን የሚያመነምን በሽታ። ጡንቻው እየቀለጠ፣ ከቆዳው ሥር እየተርገበገበ፣ እጅና እግር፣ ኋላም ንግግርና መዋጥ እየደከሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕይወትን ያሳጣል። ከጓያ የሚለይበት ምልክት መባባሱና ጡንቻውን ማቅለጡ ነው። የጓያ ሽባነት ያለበት ሰው እግሩ ይደርቃል እንጂ እንዲህ አይቀልጥም።

ወዴት ይኬዳል?

በአገራችን የነርቭ ሐኪም የማሠልጠን ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት በመላው አገሪቱ የነበሩት የነርቭ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ዛሬም ብዙ አይደሉም። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ለሚነሣ ሰው የተለመደው መንገድ ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የደባርቅ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም በሪፈር ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። በጤና ጣቢያ የሚጠየቅ ሰው ከሕመሙ መጀመሪያ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ምን ሲበላ እንደነበር በግልጽ ይናገር። ጓያ በልቻለሁ ማለት እንደ ድኽነት ምልክት ስለሚቆጠር ብዙዎች ይደብቁታል፤ ሐኪሙ ግን ያለዚህ መረጃ በሽታውን ለመለየት ይቸገራል።

ጸበል የሚጠመቅ ሰው ከሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት ማቆም የለበትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ ይቻላል። የአከርካሪ ቲቢም ሆነ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ የሚደርስበት ጉዳት ከባድ ነው።

ጓያ ለጎዳው ሰው የሚደረገው በዋናነት የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ነው። የደረቀውን የእግር ጅማት በየዕለቱ ማሳሳብ፣ ተረከዝን ወደ መሬት ማስለመድ፣ ልኩ የሆነ ምርኩዝ ማዘጋጀት። የጡንቻ መድረቅን የሚያላላ ክኒን አንዳንዱን ይረዳዋል፤ የሞተውን ነርቭ ግን አይመልስም። ምርኩዙ ከብብት ሥር ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይበል፤ ከብብት ጋር ተጣብቆ የሚሸከም ምርኩዝ የእጅን ነርቭ ይጎዳል። ጫፉን በጎማ መጠቅለል በክረምት ጭቃና በድንጋያማ ዳገት ላይ ከመንሸራተት ያድናል። እጁና አእምሮው ደኅና በመሆናቸው ተቀምጦ የሚሠራውን ሥራ፣ ሽመናውን፣ ልብስ ስፌቱን፣ ንብ ማነቡን፣ ሱቁን መሥራት ይችላል። በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ ሰው መሬቱን ለእኩል አሳርሶ መኖር ሲገደድ ግን ከምርቱ ግማሹ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ በቤቱ የቀረው እህል ስለሚያንስም ቤተሰቡ በሚቀጥለው ክረምት ወደ ጓያው ሊመለስ ይችላል። የቀበሌ አስተዳደሮች የምግብ ድጋፍ የሚሰጣቸውን ቤተሰቦች ሲመዘግቡ በቤቱ በጓያ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ በዚያው ድስት የሚበሉትን ልጆች አስቀድመው ማግኘት ይችላሉ።